ስለ ሮማውያን ክህነትና ስለ ዘመን ቍጥር

ሃይማኖትንና መንግሥትን እንደ ጥንታውያን ሮማውያን አድርጎ ያጋባ ሕዝብ ጥቂት ነው። በግብፅ ንጉሡ ራሱ የአማልክት ልጅ ይባል ነበር። በእስራኤል ደግሞ ክህነቱ ለሌዊ፥ መንግሥቱ ለይሁዳ ተለይቶ ስለ ነበረ፥ ንጉሡ ዖዝያን ዕጣን ሊያጥን ወደ መቅደስ በገባ ጊዜ ካህናቱ ተቃወሙት፥ በግንባሩም ላይ ለምጽ ወጣበት። በሮማ ይህም ያም አልነበረም። የመሥዋዕቱን ሥርዓት የሚጠብቀው፥ ጦሩን የሚመራው፥ በሸንጎ ቆሞ ሕግ የሚያወጣው ሰው አንድና ያው ነበረ። ጧት የልብሱን ጫፍ በራሱ ላይ ጣል አድርጎ በመሥዋዕት ፊት የቆመው ባለሥልጣን፥ ቀትር ሲሆን ያንኑ ልብስ ወደ ትከሻው መልሶ ስለ ግብርና ስለ መሬት ይከራከራል። ክህነት በዚያ አገር የተለየ ወገን ወይም የተለየ ኑሮ አልነበረም፤ ለመኳንንት እንደ ሌላው ሹመት ሁሉ የሚሰጥ ማዕርግ ነበረ።

እኔ ያደግሁት በቅኔ ቤትና በባሕረ ሐሳብ ጕባኤ ነው። የሮማን ታሪክ ያነበብሁት ዘግይቼ፥ ወደ ከተማ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ያነበብሁትም እንደ ዘመን ቍጥር መምህር ሆኜ እንጂ እንደ ታሪክ ሊቅ አይደለም። ስለዚህ ሌሎች አንባቢዎች በጦርነቱና በድሉ ሲደነቁ፥ እኔን ቆም ያደረገኝ ሌላ ነገር ሆነ። ይኸውም በሮማ ዓመቱ ስንት ቀን እንዲሆን የሚወስኑት ካህናቱ መሆናቸው፥ ካህናቱም ለሹመት የሚሽቀዳደሙት ሰዎች ራሳቸው መሆናቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ቀመር ያስተማረ ሰው ይህን አንብቦ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ እያንዳንዱን ወደኛው ልመልስ ብል ጽሑፉ ሁሉ ቀመር ይሆንብኛል።

ሮማ ያለ ንጉሥ በሸንጎ ትተዳደር በነበረበት ዘመን ከካህናት ማኅበሮች ሁለቱ ከሌሎቹ ይልቅ የከበሩ ነበሩ። አንደኛው የጶንጢፌክሶች ማኅበር ነው። እነዚህ የአምልኮውን ሕግ፥ የመቃብርን ሥርዓት፥ የበዓላትን ቀንና የዓመቱን ርዝመት ይጠብቃሉ፤ አለቃቸውም ጶንጢፌክስ ማክሲሙስ፥ ማለት ታላቁ ጶንጢፌክስ ይባላል። ሁለተኛው የአውጉሮች ማኅበር ነው፤ እነዚህም ከወፎች በረራና ከሰማይ መብረቅ የአማልክትን ፈቃድ ይተረጕማሉ። ሱላ የተባለው አምባገነን ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ81 ዓመት ገደማ የእያንዳንዱን ማኅበር ቍጥር ወደ 15 ከፍ አደረገው። ሹመቱ የዕድሜ ልክ ስለ ነበረ አንድ ቦታ ባዶ በሆነ ጊዜ የሚነሣው ሽኩቻ ቀላል አልነበረም። ሲሴሮ የተባለው ስመ ጥር ተናጋሪ በየዓመቱ ሁለት ሁለት ሆነው ከሚመረጡት የመንግሥት አለቆች፥ ቆንሱል ከሚባሉት፥ አንዱ የሆነው በ63 ዓመት ነበር፤ የአውጉርነትን ማዕርግ ያገኘው ግን ከዚያ ዐሥር ዓመት ቆይቶ በ53 ነው። ዩልዮስ ቄሣር ደግሞ በዚያው በ63 ዓመት፥ ገና አርባ ዓመት ሳይሞላው፥ በዕድሜም በክብርም የሚበልጡትን ሁለት ሰዎች ተወዳድሮ ታላቁ ጶንጢፌክስ ሆነ። ለዚህ ምርጫ ያፈሰሰው ገንዘብ ብድር ነበረ። ጸሓፊዎች እንደሚተርኩት በምርጫው ዕለት ጧት እናቱን ስሞ፥ ታላቅ ካህን ሆኖ ካልሆነ በቀር ወደ ቤቱ እንደማይመለስ ነገራት። የዕዳውን ብዛት ለሚያውቅ ሰው ይህ ፉከራ ብቻ አይደለም።

ይህን ለአንድ የከተማ ወዳጄ ባጫወትሁት ጊዜ፥ እርሱ ብዙ የተማረ ሰው ነውና ፈጥኖ ፍርዱን ሰጠ። «እንግዲህ መምህር፥ ሃይማኖታቸው ሁሉ ማታለያ ነበር ማለት ነው፤ መኳንንቱ ራሳቸው ሳያምኑ ሕዝቡን ያሳምኑ ነበር» አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ለእኔ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አልታየኝም። ሮማውያን ከካርታጎ ሰዎች ጋር በባሕር ሲዋጉ፥ በ249 ዓመት ክላውድዮስ ፑልከር የተባለ ቆንሱል በሲሲሊያ ደሴት ወደ ድሬጳና ወደብ ሊዘምት ሲል፥ እንደ ሥርዓቱ ለተቀደሱት ዶሮዎች እህል ተበተነላቸው። ዶሮዎቹ በስስት ቢበሉ መልካም ምልክት ነው፤ እምቢ ቢሉ ጦሩ ይቈይ ማለት ነው። ዶሮዎቹ አልበሉም። ቆንሱሉም ተቈጥቶ፥ መብላት ካልወደዱ ውሃ ይጠጡ በማለት ወደ ባሕር አስወረወራቸው ይባላል። በዚያ ጦርነት 93 መርከቦች ተማረኩበት፤ ወደ ሮማ በተመለሰ ጊዜም ተከሶ የገንዘብ መቀጫ ተፈረደበት። ሮማውያን ይህን ታሪክ ለብዙ መቶ ዓመታት ለልጆቻቸው ሲነግሩ የኖሩት ለሳቅ ብቻ አይደለም። ሲሴሮም ቢሆን በ44 ዓመት ስለ ምልክትና ስለ ሟርት በጻፈው መጽሐፍ በወፍ በረራ የሚታወቅ ነገር የለም ብሎ ሲከራከር፥ የአውጉርነት ሥርዓት ግን ለመንግሥቱ ጥቅም ሲባል ሊጠበቅ ይገባል ይላል፤ ይህን ሲጽፍ እርሱ ራሱ አውጉር ነበረ። ሙሉ በሙሉ የሚያምን ሰው እንዲህ አይናገርም፤ ፈጽሞ የማያምንም እንዲህ አይጨነቅም።

እንደ እኔ ግምት ነገሩ የእምነትና የክሕደት ጉዳይ አልነበረም። ምልክቱን የሚያየውም፥ የሚተረጕመውም፥ በምልክቱ የሚጠቀመውም ያው አንዱ ሰው ነበረ። ተከራካሪው ራሱ ዳኛ ሲሆን የግድ ሐሰተኛ መሆን አያስፈልገውም፤ ፍርዱ ግን ወደ ራሱ ማዘንበሉ አይቀርም።

በ59 ዓመት የሆነውን እንመልከት። በዚያ ዓመት ቆንሱሎቹ ዩልዮስ ቄሣርና ቢቡሉስ ነበሩ፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው የማይዋደዱ ነበሩ። ቄሣር መሬት ለድሆችና ለወታደሮች የሚያድል ሕግ ባቀረበ ጊዜ ቢቡሉስ ሊከለክል ወደ አደባባይ ወጣ፤ ነገር ግን በራሱ ላይ የፋንድያ ቅርጫት ተደፋበት፥ የሥልጣኑ ምልክት የሆኑት በትሮችም ተሰበሩ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። የዘጋው ግን እጁን አጣጥፎ አልነበረም። በሮማ ሕግ አንድ ሹም «ሰማይን እጠብቃለሁ» ብሎ ያስታወቀ እንደ ሆነ፥ መብረቅ ያይ ይሆናልና በዚያ ቀን የሕዝብ ጕባኤ መሰብሰብ አይገባም። ቢቡሉስም ጕባኤ ባለ ቍጥር ከቤቱ ሆኖ ሰማይን እየጠበቀ መሆኑን በጽሑፍ ያስነግር ጀመር። ደመና ይኑር አይኑር የሚጠይቀው አልነበረም። ቄሣርም፥ ታላቁ ጶንጢፌክስ ሲሆን፥ አልሰማሁም አለና ሕጎቹን አወጣ። ሮማውያን ዓመቱን የሚጠሩት በሁለቱ ቆንሱሎች ስም ስለ ነበረ ቀልደኞች ያን ዓመት «ዩልዮስና ቄሣር ቆንሱል በሆኑበት ዓመት» ብለው ይጽፉት ነበር። ነገሩ ግን በቀልድ አላለቀም፤ ሕጎቹ ሰማይ እየተጠበቀ ስለ ወጡ ፈራሾች ናቸው የሚል ክርክር ለዓመታት ሲነሣ ኖረ። ደመና የሌለበት ሰማይ የአንድ አገር ሕግ ሁሉ እንዲንጠለጠልበት መደረጉን ልብ ይሏል።

ከዚህ የባሰም አለ። በ58 ዓመት ክሎዲዮስ የሚባል የሕዝብ ጠበቃ ጠላቱን ሲሴሮን አሰድዶ ቤቱን አፈረሰ፤ ከፈረሰውም ቦታ ከፊሉን ነጻነት ለምትባል አምላክ መቅደስ አድርጎ ቀደሰው። ለምን ይህን እንዳደረገ መገመት አያስቸግርም፤ ለአማልክት የተሰጠ መሬት ወደ ሰው አይመለስምና ሲሴሮ ከስደቱ ቢመለስ እንኳ ቤት እንዳይኖረው ነው። ቅዳሴውን ሊፈጽምለት የቆመው ጶንጢፌክስም ገና አዲስ የተሾመ ወጣት፥ የክሎዲዮስ ሚስት ወንድም ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት ሲሴሮ ተመልሶ በጶንጢፌክሶቹ ፊት ተሟገተ። የንግግሩ መክፈቻ፥ አባቶቻቸው ካደረጉት ጥበብ ሁሉ የሚበልጠው የአምልኮውንና የመንግሥቱን ነገር ለአንድ ዓይነት ሰዎች መስጠታቸው መሆኑን የሚያመሰግን ነው። በዚያው ሥርዓት ቤቱን ያጣ ሰው ያንኑ ሥርዓት እያመሰገነ ቤቱን ሊያስመልስ ቆመ! ጶንጢፌክሶቹም የቀደሰው ሰው ከሕዝቡ በስሙ ካልታዘዘ በቀር ቦታው ቢመለስ ኃጢአት እንደማይሆን ፈረዱ፤ ሲሴሮም ቦታውን አገኘ። እኔ ይህን ክርክር ሳነብ ከቤቱ ይልቅ ያሳዘነችኝ ነጻነት የተባለችው ናት፤ ስሟ ለቂም መክደኛ ሆነ።

እነዚህ ሁሉ ግን ከዘመን ቍጥር ጋር ሲመዛዘኑ ትንንሾች ናቸው፤ መብረቁ አንድ ጕባኤ ያስቀራል፥ ቅዳሴው አንድ ቤት ይወስዳል፥ የዘመኑ ቍጥር ግን ሁሉን ሰው ይይዛል።

በጥንት ጊዜ የሮማ ሕዝብ በየትኛው ቀን ዳኛ ፊት መቅረብ እንደሚቻልና በየትኛው እንደማይቻል አያውቅም ነበር፤ የሚያውቁት ጶንጢፌክሶቹ ነበሩ። በየወሩ መባቻ አንድ ካህን ወጥቶ የወሩ ሁለተኛ ምልክት ቀን በአምስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀን እንደሚውል ጮኾ ይናገራል። በቋንቋቸው «ካላሬ» መጥራት ማለት ነው፤ ስለዚህ መባቻውን «ካሌንዳይ» አሉት፥ ዛሬ ካሌንደር የምንለውም ቃል ከዚሁ የወጣ ነው። ባለጉዳይ ሰው የክስ ቀኑን ለማወቅ ወደ ጥቂት ሰዎች ደጅ መሄድ ነበረበት። በ304 ዓመት ግን ግናዮስ ፍላዊዮስ የሚባል፥ አባቱ ከባርነት ነጻ የወጣ፥ እርሱም ጸሓፊ የነበረ ሰው ለከተማይቱ ሹምነት ተመረጠና የቀኖቹን ዝርዝር በነጭ ሰሌዳ ጽፎ በአደባባዩ ዙሪያ ሰቀለው። መኳንንቱ እጅግ ከመናደዳቸው የተነሣ ብዙዎቹ የወርቅ ቀለበታቸውን አወለቁ ይባላል። አንድ ቀን የታመመ የሥራ ባልንጀራውን ሊጠይቅ በገባ ጊዜ በዚያ የተቀመጡት የመኳንንት ልጆች አንነሣለትም አሉ፤ እርሱም የሹመቱን ወንበር ከቤቱ አስመጥቶ በመካከላቸው ተቀመጠ። ይህን ሰው እወደዋለሁ። ጦር አልመራም፥ አገርም አልያዘም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር የሚታወቀውን ነገር ሁሉም እንዲያውቀው ማድረጉ ነው።

ይሁን እንጂ ፍላዊዮስ የከፈተው አንዱን በር ብቻ ነው። የሮማ ዓመት 355 ቀን ነበረ፤ ፀሐይ ደግሞ ከ365 ቀን በላይ ትፈልጋለች። ስለዚህ በየጊዜው በየካቲት ወር ከ23ኛው ቀን በኋላ ጭማሪ ወር ይገባና ዓመቱ 377 ወይም 378 ቀን ይሆናል። ጭማሪው መቼ ይግባ የሚለውን የሚወስኑት ጶንጢፌክሶቹ ናቸው። የሹመት ዘመን አንድ ዓመት፥ የግብር ውል በዓመት፥ የብድር ወለድ በወር በሚቈጠርበት አገር ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ያስበው። ወዳጅ በሹመት ላይ ካለ ዓመቱ ይረዝማል፤ ጠላት ከሆነ ያጥራል። የጥንት ጸሓፊዎች ይህ ክፉ ልማድ እንደ ነበረ ይመሰክራሉ፤ ሲሴሮ ራሱ በ51 ዓመት ኪልቅያን፥ የሐዋርያው የጳውሎስን አገር፥ እንዲገዛ በተላከ ጊዜ፥ ከሮማ መራቅ አስጨንቆት ነበርና በዚያ ዓመት ጭማሪ ወር እንዳይገባ እንዲታገልለት ወዳጁን በደብዳቤ ለምኗል። በሚቀጥለው የካቲት ደግሞ ጭማሪው ገብቶ አልገባ እንደ ሆነ ገና ሳያውቅ፥ ወደ ሮማ ጽፎ ይጠይቃል። አገር ገዥና አውጉር የሆነ ሰው፥ በየካቲት ወር ውስጥ ሆኖ፥ የሚመጣው ወር ማን እንደ ሆነ አያውቅም!

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ነገር ልናገር። ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ወደ ቤቴ መጣ። ሴት ልጁን ሊድር ተነሥቶ እንግዶቹ ከባሕር ማዶ የሚደርሱት ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን ሆኖበታል። ከጨዋታ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «የኔታ፥ ዘንድሮ ጾሙ እጅግ ፈጠነብን። እርስዎ የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ነዎት፤ አንድ ሳምንት ብቻ ወደ ፊት ቢገፉልን ቤተ ክርስቲያንም አትጐዳም፥ እኔም ውለታዎን አልረሳም» አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ሣቅሁ፤ እርሱ ግን አልሣቀም። ስለዚህ በደጅ ከሚያጠኑት ልጆች የዐሥራ አራት ዓመቱን ጠርቼ የዓመቱን ጾም እንዲያወጣ አዘዝሁት። ልጁም ዓመተ ዓለሙን በ19 ገደፈ፥ ከተረፈው አንዱን ለዘመኑ ተወ፥ ወንበሩን በ11 አብዝቶ በ30 ገድፎ አበቅቴውን፥ በ19 አብዝቶ በ30 ገድፎ መጥቅዑን አገኘ፥ ሁለቱን ደምሮ 30 መሙላታቸውን አረጋገጠ፤ ከዚያም በጣቱ አንጓ እየቈጠረ የጾሙን መግቢያ ተናገረ። ነጋዴው በኪሱ የያዘው የታተመ መቍጠሪያ ከሚለው ጋር አንድ ነበረ። «ጌታዬ፥» አልሁት፥ «ቀኑን እኔ ባዘዝሁት ኖሮ እገፋልዎ ይሆን ወይ ብዬ እፈራለሁ፤ ይህ ልጅ ሊያወጣው የሚችለውን ግን እኔ እንዴት አድርጌ እደብቀዋለሁ?» ሠርጉ ከዳግማዊ ትንሣኤ በኋላ ሆነ፤ እኔም ተጠርቼ በላሁ።

ባሕረ ሐሳብን የቀመረው የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ መሆኑን አባቶቻችን ያስተምራሉ። ለእኛ ይህ ቀመር የጾምና የበዓል ማውጫ ብቻ መስሎ ይታየናል። ሮማን ካነበብሁ ወዲህ ግን ሌላ መልኩን አየሁት፤ ቀመሩ ካወቁት በኋላ ለማንም አያዳላም። በጾም ማውጣት ጊዜ የድሀ ልጅና ሊቀ ጳጳስ እኩል ናቸው። የሮማ ጶንጢፌክሶች ያጡት የሂሳብ ዕውቀት አይደለም፤ ያልነበራቸው እጃቸውን የሚያስር ሕግ ነው።

ያልታሰረው እጅ ምን እንዳደረገ ደግሞ ቄሣር ራሱ ምስክር ነው። ታላቁ ጶንጢፌክስ ሆኖ ሳለ ብዙ ዓመት በጋልያ ጦርነት ላይ ስለ ቈየ፥ በሮማም ሽኩቻ ስለ በዛ፥ ጭማሪው ወር ተዘነጋ። በ49 ዓመት ሠራዊቱን ይዞ ሩቢኮን የሚባለውን ወንዝ በተሻገረ ጊዜ ወሩ ጥር ተብሎ ይጠራ ነበር፤ ሰማዩ ግን ገና የኅዳር ሰማይ ነበረ። የመከር በዓል በመከር አይውልም፥ የወይን በዓል ወይን ሳይለቀም ያልፋል። ቄሣር ጠላቶቹን ድል ነሥቶ ብቻውን ከገዛ በኋላ ነገሩን ለማስተካከል ተነሣ፤ ሶሲጌኔስ የሚባል ሊቅም አማከረው። በ46 ዓመት በየካቲት 23 ቀን፥ በኅዳርና በታኅሣሥ መካከልም 67 ቀን ተጨምሮ ያ አንድ ዓመት 445 ቀን ሆነ። ከ45 ዓመት መባቻ ጀምሮ ግን ዓመቱ 365 ቀን፥ በየአራተኛውም ዓመት አንድ ቀን ጭማሪ እንዲኖረው ታዘዘ። ከዚህ ወዲያ ማንም ካህን የሚወስነው ነገር አልቀረም።

በዚያን ጊዜ አንድ ሰው፥ በገና የምትባለው ኮከብ ነገ ትወጣለች ብሎ ሲናገር ሲሴሮ ሰምቶ፥ አዎን፥ በአዋጅ ታዛለችና ትወጣለች ብሎ መለሰ ይላሉ። ቀልዱ መራራ ነው፥ እውነትም አለበት። ከዋክብት እንኳ በአንድ ሰው ቃል የሚወጡ እስኪመስሉ ድረስ ሥልጣን ሁሉ ወደ ቄሣር ተሰብስቦ ነበር። ነገር ግን ሲሴሮን የማከብረውን ያህል በዚህ አልተባበረውም። ጭማሪ ወር ይግባ አይግባ እያለ ከኪልቅያ በጭንቀት ይጽፍ የነበረው እርሱ አይደለምን? ቄሣር ሌሎች ካህናት በዘመን ላይ የነበራቸውን ሥልጣን ሁሉ ነጠቀ፤ የነጠቀውን ግን ለራሱ አላስቀረውም፥ ለቍጥር ሰጠው። ሌላውን ሁሉ ለራሱ አስቀርቶታል፤ ይህን አንዱን ግን እርሱ ራሱ እንኳ ሊያዘገየው ወይም ሊያፈጥነው በማይችል ሕግ አሰረው። ሐሳቡ ይህ ነበር ወይስ ሥራው ከሐሳቡ በለጠ፥ ለመፍረድ ያስቸግራል።

በ44 ዓመት ቄሣር ከተገደለ በኋላ የሆነው ደግሞ ለቀመር መምህር የሚያስቅ ነው። ጶንጢፌክሶቹ «በየአራተኛው ዓመት» የተባለውን ትእዛዝ እንደ ልማዳቸው የመነሻውን ዓመት ጨምረው ቈጠሩትና በየሦስት ዓመቱ ቀን ይጨምሩ ጀመር። በ36 ዓመት ውስጥ 9 ቀን መጨመር ሲገባ 12 ተጨመረ። በዚያ ጊዜ ታላቁ ጶንጢፌክስ ሌጲዶስ ነበረ፤ አውግስጦስ ቄሣር ሥልጣኑን ሁሉ ገፍፎ በአንድ የባሕር ዳር ከተማ አስቀምጦታል፥ ክህነቱን ግን በሕይወት ሳለ አልወሰደበትም፤ ይህንም ትዕግሥቱን ኋላ በነሐስ ባስቀረጸው የሥራው ዝርዝር ሳይጠቅስ አላለፈም። ሌጲዶስ ከሞተ በኋላ በ12 ዓመት አውግስጦስ ታላቁ ጶንጢፌክስ ሆነ። ወደ ቀድሞው ልማድ የካህኑ ቤት ወደሚገኝበት አልሄደም፤ የራሱን ቤት ከፊሉን የሕዝብ አድርጎ ክህነቱን ወደ እርሱ አመጣው። ከሁለት ሺሕ የሚበልጡ የትንቢት መጻሕፍት ሰብስቦ አቃጠለ፤ የቀሩትንም መርጦ በቤቱ አጠገብ በነበረው መቅደስ በአፖሎን ምስል እግር ሥር ቈለፈባቸው። የዘመኑንም ስሕተት አረመ፤ ለ12 ዓመት ያህል ጭማሪ ቀን እንዳይገባ አዘዘና ቍጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። በ8 ዓመትም አንድ ወር በስሙ ተጠራ፥ የሚቀድመው ወር አስቀድሞ በዩልዮስ ስም ተጠርቶ ነበርና።

ሌላም አደረገ። ከግብፅ፥ ከሄልዮጶሊስ ከተማ፥ አንድ ሐውልት አስመጥቶ በ10 ዓመት በሮማ ሜዳ ላይ አቆመው፤ ጥላው በቀትር የዓመቱን ጕዞ በምድር ላይ በተሰመረ መስመር እንዲያሳይ ነው። በሐውልቱ እግር የተጻፈው ጽሑፍ አውግስጦስን ታላቁ ጶንጢፌክስ ብሎ ይጠራዋል፥ ግብፅም ለሮማ ሕዝብ መገዛቷን ይናገራል፥ ስጦታውም ለፀሐይ ነው ይላል። ክህነት፥ ድል፥ የዘመን ቍጥር በአንድ ድንጋይ ላይ! ሐውልቱ ዛሬም በሮማ በኢጣልያ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ፊት ቆሟል። ከሰው አገር ሐውልት ማምጣት ለዚያች ከተማ ልማዷ መሆኑን እኛም እናውቃለን፤ በ1937 ከአክሱም የተወሰደው በ2005 እስኪመለስ ድረስ እዚያው ቆሞ ነበርና።

ከአውግስጦስ በኋላ የነገሡት ቄሣሮች ሁሉ ታላቁ ጶንጢፌክስ ተባሉ። በ321 ዓመት በዕለተ እሑድ ፍርድ ቤቶች እንዲዘጉ ያዘዘው፥ በ325ም ሠለስቱ ምእትን በኒቅያ የሰበሰበው ቆስጠንጢኖስ እንኳ ይህን ስም እስኪሞት አልጣለውም። ስሙን የተወው በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነገሠው ግራትያኖስ ነው።

ግብፅን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ይቀረኛል። ግብፃውያን ዓመታቸው 365 ቀን ብቻ ነበረ፤ 12ቱ ወር እያንዳንዱ 30፥ በመጨረሻም 5 ቀን። በ238 ዓመት በሦስተኛው በጥሊሞስ ዘመን ካህናቱ በካኖጶስ ከተማ ተሰብስበው በየአራት ዓመቱ 6ኛ ቀን እንዲጨመር ወስነው ነበር፥ በድንጋይም ተቀርጾ ይገኛል፤ ነገር ግን ውሳኔው አልተሠራበትም። 6ኛው ቀን በግብፅ የጸናው አውግስጦስ አገሪቱን በ30 ዓመት ከያዘ በኋላ ባደረገው ሥርዓት ነው። ያን ሥርዓት የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ያዘችው፤ ከእርሷም ወደኛ መጣ።

ባለፈው ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ከተማሪዎቼ አንዱ፥ «የኔታ፥ ይህችን ስድስተኛይቱን ቀን ማን አዘዛት?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ገና ዜማ ጨርሶ ወደ ቅኔ የገባ ነው። የልደትን ወንጌል ከሉቃስ እንዲያነብልኝ አዘዝሁትና፥ ዓለም ሁሉ እንዲጻፍ ትእዛዝ የወጣበትን ንጉሥ ስም በደረሰ ጊዜ አቁም አልሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ አሰበና፥ «ታዲያ ቀኒቱ በሉቃስ ዘመን የምትገባው ስሙን የጻፈው ሉቃስ ስለ ሆነ ነውን?» አለኝ። አይደለም፥ ዓመቱ ለአራት ሲካፈል እንዲህ ስለሚወድቅ ነው ብዬ ነገርሁት። «ለቅኔ ግን ትሆናለች» ብሎ ሰሌዳውን አንሥቶ ወጣ።